በጣና ዳር ከቤት ውጭ የፊልም ሳምንት እንዴት ይዘጋጃል?

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል፦ «ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆቹም ወጣቶቹም እቤት ተቀምጠዋል፤ ለምን ሐይቁ ዳር ለአንድ ሳምንት ፊልም አናሳይም?» ጠያቂዎቹ የወጣት ማኅበራት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አልፎ አልፎም የመዝናኛ ቦታ ባለቤቶች ናቸው። በስልክ ስመልስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ስለምዘነጋ፣ የተዘነጋውም ነገር ብዙውን ጊዜ ዝግጅቱን የሚያበላሸው ሆኖ ስለሚገኝ፣ ሙሉውን አሠራር በቅደም ተከተል እዚህ ጽፌዋለሁ። መመሪያው ባሕር ዳር ውስጥ ወይም በአቅራቢያዋ ባለው የሐይቁ ዳርቻ፣ ከ150 እስከ 200 ሰው ለሚገኝበት፣ አራት ምሽት ለሚቆይ ዝግጅት የሚሆን ነው። ተመልካቹ ከዚያ ከበዛ የስክሪኑም፣ የድምፁም፣ የጄኔሬተሩም ልክ ይለወጣል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

– ፕሮጀክተር፣ ብርሃኑ ከ3500 ሉመን ያላነሰ
– ነጭ ባነር ወይም ሁለት እጥፍ የተሰፋ አቡጀዲ፣ ስፋቱ 5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር
– ከጀርባ የሚለብስ ጥቁር ጨርቅ፣ ልኩ ከስክሪኑ ጋር እኩል
– 6 ሜትር ርዝመት ያላቸው ወፍራም አጣናዎች፣ 2 ለቋሚ፣ 2 ለአግዳሚ
– ጠንካራ ገመድ ቢያንስ 60 ሜትር፣ 8 ካስማ፣ 8 ባዶ ማዳበሪያ፣ አሸዋ
– ላፕቶፕ፣ መጠባበቂያ ላፕቶፕ ወይም ፍላሽ፣ 2 የኤችዲኤምአይ ገመድ
– 2 ስፒከር ከነማቆሚያቸው፣ አምፕሊፋየር፣ አነስተኛ ሚክሰር፣ 1 ማይክሮፎን
– 3 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር፣ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ)፣ 50 ሜትር ባለሦስት ሽቦ ገመድ፣ ብሬከር ያለው ማከፋፈያ
– የፕላስቲክ ወንበር፣ ለልጆች ምንጣፍ ወይም ሰሌን
– የእጅ ባትሪዎች፣ ቢጫ አምፖሎች፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን
– ፕሮጀክተሩንና ስፒከሩን በአንድ ጊዜ የሚሸፍን ፕላስቲክ

ፕላስቲኩን ብዙዎች ከዝርዝሩ ይሰርዙታል። በበጋም ቢሆን አይሰርዙት።

1. ከፊልሙ በፊት ቀኑን ይምረጡ

በጣና ዙሪያ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛውም በእነዚህ ወራት ይወርዳል። ዝናቡ ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚበረታ፣ ጠዋት ጠርቶ የነበረው ሰማይ ወንበር ተደርድሮ ሲያበቃ ሊያጉረመርም ይችላል። ስለዚህ «በክረምት እናድርገው» ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ በክረምት አዳራሽ ውስጥ፣ በበጋ ሐይቁ ዳር። የአዳራሹን ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

እኔ የምመርጠው ከህዳር 1 እስከ 14 ያለውን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ፀሐይ ናት። በእነዚህ ሳምንታት ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓትን ትንሽ አለፍ ብላ ሲሆን፣ በጥር መጨረሻ ግን 12 ሰዓት ከ35 ገደማ ይሆናል። ፕሮጀክተር በደንብ የሚታየው ፀሐይ ከጠለቀች ከ40 ደቂቃ በኋላ ስለሆነ፣ ህዳር ላይ ሩብ ጉዳይ ለ1 ሲሆን መጀመር ይቻላል። የተገኘው ግማሽ ሰዓት ማታ ሰው ባጃጅ አግኝቶ ወደ ቤቱ የሚገባበት ግማሽ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት መጨረሱ መልካም መሆኑ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በጾም ማታ ለመዝናናት ከመውጣት ይቆጠባል። ሦስተኛው ምክንያት ሰርግ ነው። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር ለአየሩ እጅግ የሚመች ሆኖ ሳለ፣ ወንበሩ፣ ድንኳኑ፣ ስፒከሩና ጄኔሬተሩ በሙሉ ሰርግ ቤት ነው፤ ቢገኝም ኪራዩ ይንራል።

ህዳር የራሱ ጉድለት አለው። ሐይቁ ክረምቱን ሞልቶ ከመስከረምና ከጥቅምት በኋላ ገና መጉደል የጀመረበት ወቅት ስለሆነ የዳርቻው አፈር ሊለሰልስ ይችላል፤ የወባ ስርጭትም ከፍ የሚለው ከክረምቱ መውጫ እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ ነው። ሁለቱም መፍትሔ ስላላቸው ምርጫዬን አላስለወጡኝም።

የግድ ከጥምቀት በኋላ ማድረግ ካለብዎ በመጀመሪያ የዓመቱን አጽዋማት ይመልከቱ። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 በታች አይወርድም፣ ከመጋቢት 5 በላይም አይወጣም፤ የሦስቱ ቀን የነነዌ ጾምም ከእሱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይገባል። ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ከጥር 12 በኋላ የሚተርፍዎ ቀን ጥቂት ነው።

2. ቦታውን በቀን ሳይሆን ማታ ሄደው ይዩ

ቦታ በቀን ሲታይ ሁሉም ያምራል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሄደው አራት ነገር ይመልከቱ።

ብርሃን። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጨረቃ ነው። ሙሉ ጨረቃ ስክሪን ላይ የምታሳርፈው ብርሃን ከፕሮጀክተሩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ስለሆነ በእሷ ምክንያት ቀን አይቀይሩ፤ እንዲያውም ሰው ሲበተን መንገድ ታበራለታለች። ምስሉን የሚያጥበው የመንገድ መብራትና የሆቴል አጥር ላይ ያለው ነጭ አምፖል ነው። በመብራቱና በስክሪኑ መካከል ዛፍ ወይም ግድግዳ ያለበትን ቦታ ይምረጡ፤ ካልተገኘ ባለቤቱን በዚያ ሰዓት እንዲያጠፋልዎ አስቀድመው ይጠይቁ።

አቅጣጫ። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች ሐይቁ ወደ ሰሜን ነው። ስክሪኑን በቦታው ምዕራባዊ ጫፍ አቁመው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዙሩት። እንዲህ ሲሆን ከጠለቀችው ፀሐይ የሚቀረው ወገግታ የስክሪኑን ፊት አይመታም፤ ቀን ከሐይቁ ወደ ከተማው፣ ማታ ደግሞ ከከተማው ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስም ስክሪኑን በጎኑ እንጂ በፊቱ አያገኘውም። ድምፁም በዳርቻው ርዝመት ይሄዳል እንጂ በውኃው ላይ ተንሳፎ ወዲያ ማዶ አይደርስም። ሐይቁን ከስክሪኑ ጀርባ ለማድረግ የሚጓጉ አሉ፤ ፎቶው ያምራል፣ ነፋሱ ግን ስክሪኑን በሙሉ ደረቱ ይገፋዋል።

ጉማሬ። ይህ ቀልድ አይደለም። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሣር ፍለጋ ወደ የብስ ይወጣል፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና ደንገል ባለባቸው ዳርቻዎች። ሰፊ የሆነ፣ ሣሩ የተረገጠ መውጫ ወይም ፋንድያ ካዩ ያንን ቦታ ይተዉት። ታንኳ የሚቀዝፉትንና ዓሣ አጥማጆቹን ይጠይቁ፤ የትኛው ጉማሬ በየት በኩል እንደሚወጣ ያውቃሉ። ማስጠንቀቂያ፦ ጉማሬ ከወጣ በእሱና በውኃው መካከል ሰው እንዲቆም በፍጹም አይፍቀዱ፤ ወደ ውኃው የሚመለስበት መንገድ የተዘጋበት ሲመስለው ነው የሚያጠቃው።

መሬት። በጫማዎ ተረከዝ ጫን ይበሉ። ውኃ ካቆረ ወንበር ይሰምጣል፣ ካስማም አይይዝም፤ ወደ ላይ 20 ወይም 30 ሜትር ፈቀቅ ይበሉ። ፈቀቅ ማለቱ ልጆችን ከውኃው ለማራቅም ይጠቅማል።

3. ፈቃዱን በጽሑፍ ያግኙ

ከዝግጅቱ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድመው ለቀበሌው ወይም ለክፍለ ከተማው፣ ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እና ለፖሊስ ደብዳቤ ያስገቡ። በደብዳቤው ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተመልካች ብዛት፣ የፊልሞቹ ርዕስና ርዝመት፣ ኃላፊነት የሚወስደው ሰው ስልክ ይኑር። የመሬቱ ባለይዞታ ሌላ ከሆነም የእሱ ስምምነት ለብቻው ያስፈልጋል። ዝግጅቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድና ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ፤ የፊልሙ ርዝመት የሚወሰነው በዚያ ነውና። አካባቢው ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ካለ አስተዳዳሪዎቹን ቀርበው ያነጋግሩ። ማኅሌት ባለበት ሌሊት ወይም በሶላት ሰዓት ድምፅዎ ከእነሱ ድምፅ ጋር እንዳይጋጭ ቀኑንና ሰዓቱን አብሮ ማየት ከኋላ ይቅርታ ከመጠየቅ ይቀላል።

4. የፊልሙን መብት ይጨርሱ

«ዩቲዩብ ላይ አለ» ወይም «ከፍለን ነው የምናየው» ማለት ለሕዝብ ለማሳየት ፈቃድ አለዎት ማለት አይደለም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቱ መብት ነው፤ መግቢያው ነጻ መሆኑም ይህን አይለውጠውም። ከፕሮዲውሰሩ የሚቀበሉት ወረቀት የፊልሙን ርዕስ፣ የሚታይበትን ቀንና ቦታ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ መግቢያው በክፍያ ይሁን በነጻ፣ ለባለመብቱ ምን እንደሚከፈል፣ እንዲሁም ፋይሉ ከዝግጅቱ በኋላ እንደሚሰረዝ ይግለጽ። የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎች በአክብሮትና በቂ ጊዜ ሲሰጣቸው ብዙውን ጊዜ እሺ ይላሉ፤ ሦስት ቀን ሲቀር ግን ማንም ፋይሉን አይልክም። ስድስት ሳምንት ይስጧቸው።

ለእያንዳንዱ ምሽት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሆነ አጭር ፊልም ያስቀድሙ። ሰው መግባቱን የሚጨርሰው፣ ድምፁም የሚስተካከለው በእሱ ጊዜ ነው፤ ዋናው ፊልም ከ100 ደቂቃ ባይበልጥ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ሁሉም ያበቃል።

5. ፋይሉንና የትርጉም ጽሑፉን ያዘጋጁ

ባለመብቱን ሊንክ ሳይሆን ፋይል ይጠይቁ፤ ሐይቁ ዳር ኢንተርኔት ላይ ተማምኖ ፊልም ማሳየት አይገባም። ኤምፒ 4 ሆኖ ጥራቱ 1080 የሆነ ፋይል ለ5 ሜትር ስክሪን በቂ ነው። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 (FAT32) ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ «ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ሞልቷል ይለኛል» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። በኤክስፋት (exFAT) ፎርማት ያድርጉት።

የአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ ካለ ለብቻው ይሞክሩት። አንድ ምሽት በራሴ ላፕቶፕ ፊልሙን ከፍቼ፣ መቶ ምናምን ሰው ፊት፣ ተዋናይዋ አፏን በከፈተች ቁጥር ከታች የሚመጣው ተራ በተራ የተሰለፈ ባዶ ሳጥን ሆነ። እቤት የሞከርኩት በሌላ ላፕቶፕ ነበር። የጽሑፉ ፋይል በዩቲኤፍ 8 (UTF-8፣ የግዕዝን ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ አቀማመጥ) መቀመጡን፣ በማጫወቻው (እኔ ቪኤልሲ እጠቀማለሁ) የትርጉም ጽሑፍ ምርጫ ውስጥም ዩቲኤፍ 8 እና የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት፣ ለምሳሌ ኒያላ (Nyala) ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ መመረጡን ያረጋግጡ። ከሁሉ የሚሻለው ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሞ አንድ ፋይል ማድረግ ነው፤ ያኔ ላፕቶፕ ቢቀየርም ፊደሉ አይጠፋም።

6. ስክሪኑን ያቁሙ

ቋሚዎቹን 80 ሳንቲ ሜትር ቀብረው በድንጋይና በአፈር ይጠቅጥቁ። የስክሪኑ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ራስ 1.25 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ከዚያ ዝቅ ካለ የትርጉም ጽሑፉ በሰው ጀርባ ይዋጣል። ባነሩን በላይና በታች ባሉት አግዳሚዎች ላይ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አስረው ሽብሽቡ እስኪጠፋ ይወጥሩት፤ ጥቁሩን ጨርቅ ከጀርባው ያልብሱት፤ ከኋላ ያለ ብርሃን ምስሉን እንዳያሳሳው ነው።

ከዚያ ነፋሱን ያስቡ። 5 በ2.8 ሜትር የሆነ ስክሪን 14 ካሬ ሜትር ነው፤ ያ የጀልባ ሸራ ማለት ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲያገኘው የሚገፋው ከ80 ኪሎ ሸክም ባልተናነሰ ኃይል ነው፤ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቋሚ ከፊትና ከኋላ በሁለት ሁለት ገመድ ወጥረው፣ እያንዳንዱን ገመድ ካስማ ላይ ካሰሩ በኋላ በግማሽ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ይጫኑበት። ማዳበሪያውን እስከ አፉ አይሙሉት፤ ሙሉው ለማንሳት ይከብዳል፣ ገመድ ላይም አይተኛም። በለሰለሰ የህዳር አፈር ካስማ ብቻውን አይታመንም ያልኩት ይህንን ነው። ገመዶቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰሩ፣ በጨለማ የሚሮጥ ልጅ አያያቸውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ነፋሱ በርትቶ ቋሚዎቹ መወዛወዝ ከጀመሩ ፊልሙን አቁመው የታችኛውን አግዳሚ ፈትተው ባነሩን ይልቀቁት። ባነሩ ሲውለበለብ ያሳዝናል እንጂ ሰው አይጎዳም፤ አጣናው ሲወድቅ ግን ይጎዳል። እኔ አንድ ጊዜ «አምስት ደቂቃ ቀርቶታል» ብዬ ስጠብቅ የቀኙ ቋሚ ተነቅሎ ወድቆ ሚክሰሩ ያለበትን ጠረጴዛ ለሁለት ከፍሎታል። ወንበሩ ላይ ሰው ያልነበረው በአጋጣሚ ነው።

7. ፕሮጀክተሩን ያስቀምጡ

የብዙ ፕሮጀክተሮች ርቀት የስክሪኑ ስፋት 1.5 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ለ5 ሜትር ስክሪን 7.5 ሜትር ላይ ያርፋል፤ የእርስዎን ትክክለኛ ቁጥር ከመመሪያው መጽሐፍ ያውጡ። ይህ ማለት ፕሮጀክተሩ ተመልካቹ መሃል ይቀመጣል ማለት ነው። በተራ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት ከፊት ያለው ሰው ራስ ጨረሩን ይቆርጠዋል፤ 1.5 ሜትር በሆነ ጠንካራ መቆሚያ ላይ ያድርጉት፣ ከፊቱም ምንጣፍ አንጥፈው ልጆችን ያስቀምጡ። ምስሉ ከተጣመመ በሜኑ ከማቃናት ይልቅ ፕሮጀክተሩን ራሱን ያስተካክሉ፤ በሜኑ የተቃና ምስል ብርሃንም ጥራትም ይቀንሳል።

አሁን ማንም የማይነግርዎን ልንገርዎ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ሳሳ ስለሚል የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ በተለመደው ፍጥነቱ መብራቱን በቂ አያቀዘቅዘውም፤ ፊልሙ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ «ሞቋል» ብሎ ራሱን የሚያጠፋ ፕሮጀክተር ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። ብዙ አምራቾች ከ1500 ሜትር በላይ እንዲበራ የሚያዙት «ሃይ አልቲቲውድ» የሚባል ምርጫ ሜኑ ውስጥ አለ። ያብሩት። ማራገቢያው ትንሽ ይጮኻል፣ መብራቱ ግን ይተርፋል።

8. ኃይሉን ይደምሩ

ፕሮጀክተር 300 ዋት፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር 800፣ ላፕቶፕ 90፣ አምፖሎች 150 ቢሆኑ ድምሩ 1340 ዋት ነው። ጄኔሬተርም እንደ ሰው በከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ እዚህ 3 ኪሎ ዋት የተጻፈበት የሚሰጠው 2.4 ያህል ነው። ለዚህ ነው 2 ኪሎ ዋቱን አይከራዩ የምለው። ጄኔሬተሩን ከተመልካቹ 30 ሜትር አርቀው ነፋሱ ጭሱን ወደ ሰው በማያመጣበት በኩል ያስቀምጡት። ማደያዎች በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ቤንዚኑን በዕለቱ አይፈልጉ።

ከመስመር የሚጠቀሙ ከሆነም ፕሮጀክተሩንና ላፕቶፑን በዩፒኤስ በኩል ያገናኙ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ማራገቢያው አብሮ ስለሚቆም የጋለው የፕሮጀክተር አምፖል ይጎዳል፤ ዩፒኤሱ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ሁለቱን ያቆያቸዋል። ስፒከሩን ግን ዩፒኤስ ላይ አይሰኩ፣ ባትሪውን በደቂቃ ይጨርሰዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጄኔሬተር እየሠራ ወይም እንደጋለ ነዳጅ አይጨምሩ። ማከፋፈያ ሶኬት እርጥብ ሣር ላይ አይቀመጥ፤ ብሎኬት ላይ ከፍ አድርገው ይሸፍኑት። ሰው በሚያልፍበት የተዘረጋ ገመድ ይቀበር ወይም በጣውላ ይሸፈን። የኤሌክትሪኩን ሥራ ባለሙያ ይጨርሰው እንጂ «የሚያውቅ ልጅ» አይጨርሰው።

9. ድምፁን ያስተካክሉ

ስፒከሮቹን ከስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ ከሰው ራስ ከፍ አድርገው፣ ወደ መጨረሻው ረድፍ መሃል አነጣጥረው ያቁሙ። ዝቅ ካሉ የፊተኛው ረድፍ ይደነቁራል፣ የኋለኛው አይሰማም። ባስ ይቀንሱ፤ ገላጣ ቦታ ላይ ባስ ሩቅ ይሄዳል እንጂ ንግግሩን አያጠራውም፤ ሰው የሚያማርረው «ድምፁ አነሰ» ብሎ ሳይሆን «የሚሉት አይሰማም» ብሎ ነው። ማታ በውኃ አጠገብ ድምፅ ከሚያስቡት በላይ ይጓዛል። አንድ ሰው 200 ሜትር ርቆ እንዲሰማና እንዲደውልልዎ ያድርጉ።

10. ከመክፈቻው አንድ ቀን በፊት በሙሉ ይሞክሩ

ሙከራው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ላፕቶፕ ይሁን። ፊልሙን መጀመሪያውን ብቻ አይቶ ማጥፋት ሙከራ አይደለም፤ ፕሮጀክተሩ ከአንድ ሰዓት በላይ በርቶ ይቆይ፣ ጄኔሬተሩም አብሮ። መብራት እንደጠፋ አድርገው መስመሩን ይንቀሉና ወደ ጄኔሬተር ለመዞር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ይያዙ። የላፕቶፑን ማሳወቂያዎች፣ የስክሪን መቆለፊያውንና የራስ ሰር ማዘመኛውን ያጥፉ።

11. በዕለቱ ማታ

ከ11 ሰዓት ጀምሮ የሐይቁን ዳር የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይመድቡ፤ ገመድም ይዘርጉ። ልጅ ፊልም ሲሰለቸው የሚሄደው ወደ ውኃው ነው።

ለትንኝ መፍትሔው ማታለል ነው። ከቦታው 20 ሜትር ርቆ በሐይቁ በኩል አንድ ደማቅ ነጭ አምፖል ከ12 ሰዓት ጀምሮ ያብሩ፤ ሰው ያለበትን ቦታ ግን ትንኝ ብዙም በማይወደው ቢጫ አምፖል ብቻ ያብሩት። ከውኃው የሚነሳው መንጋ ወደ ነጩ ይሄዳል፣ የፕሮጀክተሩን ጨረር ለጥቂቶች ይተዋል። ሌንሱ ላይ ያረፈውን ትንኝ በነጠላ ጫፍ አይጥረጉ፤ ይጨፈለቅና ስክሪኑ ላይ ሙሉ ሌሊት የዶሮ ያህል ሆኖ ይታያል። በአየር መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ያርቁት። ለወባው ሲባል በማስታወቂያው ላይ ረጅም እጅጌ፣ ካልሲና ጋቢ ይዘው እንዲመጡ ይጻፉ፤ ጋቢው ለብርዱም ይሆናል።

የጀበና ቡና የሚያፈሉትን እናት በስክሪኑና በፕሮጀክተሩ መካከል ባለው መስመር አያስቀምጧቸው። የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ በጨረሩ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ደመና ይታያል፤ ነፋሱ ጭሱን ወደሚወስድበት ዳር ቦታ ቀድመው ይስጧቸው። ፈንዲሻ የሚሸጡትም እንዲሁ።

ፊልሙ ከመጀመሩ 10 ደቂቃ በፊት ባዶ ነጭ ምስል ያብሩ። ልጆቹ እጃቸውን ወደ ጨረሩ አንስተው ውሻና ወፍ ይሠራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይጠግባሉ። ይህን ያላደረጉ እንደሆነ በፊልሙ መሃል ያደርጉታል። ወደ ሌንሱ ቀርበው እንዳያዩ ግን ፕሮጀክተሩ አጠገብ ሰው ይቁም።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ብዙዎች የመጀመሪያውን ረድፍ ስክሪኑ ሥር ያደርጉታል፤ ከስክሪኑ 5 ሜትር ይራቅ። የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ ከ20 ሜትር አይለፍ፣ ጽሑፍ አይነበብም። መሃል ላይ 1.2 ሜትር መተላለፊያ ሳይተዉ ወንበር የሚደረድሩም አሉ፤ የታመመ ሰው ሲኖር ይጸጸታሉ። የመክፈቻ ንግግር ከ10 ደቂቃ በላይ ከረዘመ የሚበላው ከፊልሙ ሰዓት ላይ ነው፤ ተናጋሪውን እንግዳ አስቀድመው በትሕትና ያስረዷቸው።

የግድ በክረምት ከሆነ

በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ ከሰዓት፣ አዳራሽ ውስጥ ያድርጉት። ባሕር ዳር እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያሉ አዳራሾች አሏት፤ ትንሽ የትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ አዳራሽም ይበቃል። የሚመርጡት አዳራሽ ኮርኒስ ያለው ይሁን። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ የትኛውም ስፒከር አያሸንፈውም። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑ፣ የአየር መግቢያውን ግን አይዝጉ።

12. ሲያበቃ

ፕሮጀክተሩን በራሱ ማጥፊያ አጥፍተው ማራገቢያው እስኪቆም ሳይነቅሉ ይጠብቁ። ሰው የሚወጣበትን መንገድ ያብሩና መጨረሻው ሰው እስኪሄድ ጄኔሬተሩን አያጥፉ። በየመውጫው ባዶ ማዳበሪያ ለቆሻሻ ይስቀሉ፤ ሌሊት ሐይቅ ውስጥ የገባ የውኃ ፕላስቲክ ጠዋት ደንገሉ ውስጥ ነው የሚገኘው፣ ከዚያ ማውጣት ደግሞ ታንኳ ይጠይቃል።

ባነሩን በጤዛ እንደረጠበ አይጠፉት፤ ይሻግታል፣ የመታጠፊያውም መስመር በሚቀጥለው ፊልም ላይ በተዋናዩ ፊት መሃል ያልፋል። ጠዋት ፀሐይ ላይ አድርቀው በአንዱ አጣና ላይ ይጠቅልሉት። አጣናዎቹን ነቅለው ሲጨርሱ ሁለቱን ጉድጓዶች በአፈር ሞልተው ይጠቅጥቁ፤ ከብት በዚያ በኩል ነው ወደ ውኃ የሚወርደው።